የአምባዛ ጥርስ

ባለፈው ግንቦት የልጅ ልጄ ሠርግ አርሲ ነገሌ ነበርና ከአዳማ ተነሥተን ስንሄድ ቆቃ ላይ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ «አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለን። የሾፌር አሥር ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም የተሳፈረ ሁሉ ያውቃል፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ወረድኩና ከመንገዱ ዳር ካለች ግራር ሥር ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሌላዋ የልጅ ልጄ ማርታ አለች። ለእህቷ ሠርግ ብላ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ሂና ተቀብታለች፤ ቀለሙ እንዳይበላሽባት ጣቶቿን ዘርግታ ስለተቀመጠች ሙዝ እንኳ ልጬ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ፊት ለፊታችን ሐይቁ ተኝቷል። ዳሩ ላይ ወጣቶች በብረት ድስት ዘይት አፍልተው ዓሣ ይጠብሳሉ። ነፋሱ ዞረና ጭሱን ወደ እኛ አመጣው።

ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሮዬም የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። አፍንጫዬ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ጭቃ ጭቃ የሚለው፣ ቅባቱ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ሽታ ገና ከሩቅ ሲደርሰኝ አወቅሁት። ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ እንዲህ አይሸትም። አምባዛ ነው። ያ ጢማሙ፣ ቅርፊት አልባው፣ አፉ ከራሱ የሚሰፋው፣ አገር ሁሉ ሲጸየፈው የኖረ ዓሣ። ይኸው ዛሬ ሰው ከመኪና ወርዶ ተራ ይጠብቅለታል! አንዷ ወጣት ዓሣ ስትገፍ ወደ እጇ አየሁ። የጣቷ አንጓዎች ላይ ቆዳው ተፍቆ፣ ቀላ ያለ ጭረት ተጋድሟል። ያን ጭረት ካየሁት ስድሳ ዓመት ይሆነዋል። ያኔ የነበረው በወንድሜ እጅ ላይ ነው። በእኔም ላይ።

ያን ጊዜ አዳማ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም ነበር። ከተማ ማለቱም ለአፍ ያህል ነው፤ ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት የግሪኩ ሆቴል፣ አንድ ረድፍ የዐረቦች ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ አሸዋና እሾህ። ባቡሩ ከታች ሲመጣ ገና ወለንጪቲ ሳይርቅ ፉጨቱ የሚሰማ ይመስለን ነበር፤ ያን ጊዜ ሴቱ እንቁላሉን፣ ዳቦውን፣ የተቀቀለ ሽንብራውን በሰፌድ ይዞ ወደ ሐዲዱ ይሮጣል። በአንድ መሐለቅ ስንት እንቁላል ይገዛ እንደነበር ብነግራችሁ አሮጊቷ ዋሸች ትላላችሁና ይቅር። አቡጀዲ የሚለካው በክንድ ነው። ዐረቡ ክንዱ አጭር ስለነበር ሴቶቹ «ያን ረዥሙን ወንድምህን ጥራና እሱ ይለካልን» እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱም እየሳቀ አንድ ስንዝር ይጨምራል። ላምባ በቆርቆሮ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን ውሃ መቅጃ ይሆናል፣ ሲበሳ ደግሞ ተዘርግቶ ቤት ይከደንበታል። በዝናብ ቀን በዚያ ጣራ ሥር ሰው ከሰው ለመነጋገር መጮኽ ነበረበት። ከግሪኩ ሆቴል ሸክላ ሲዘፍን ቋንቋውን ባናውቀውም ዜማውን በቃላችን ይዘነው፣ ገብስ የምንወቅጠው በእሱ ነበር። ዛሬ አዳማ ውስጥ ያ የሱቅ ረድፍ የት እንደነበር ለማርታ ላሳያት ብሞክር ባንክ ፊት ለፊት አቆማታለሁ፤ እሷም «እሺ አያቴ» ብላ ሰዓቷን ታያለች።

አባቴ ከቡልጋ የወረደ የሐዲድ ጠባቂ ነበር። እሱን ወባ ወሰደው። የቀረነው እናቴ፣ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ደምሴ፣ እና እኔ ዘነበች ነን። ደምሴ ከጣቢያው ጭነት ተሸክሞ ይውል ነበር፤ ሥራው ግን ባቡሩ በመጣ ቀን ብቻ ነው። በቀሩት ቀኖች ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከከተማው እስከዚያ፣ ዛሬ ሐይቁ ወደተኛበት ሜዳ፣ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ያኔ ሐይቅ የሚባል ነገር አልነበረም። አዋሽ በሜዳው መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ዳርና ዳሩ ሣር ነው፣ ከብት ነው፤ በወንዙ መታጠፊያ ላይ አንድ ትልቅ የኦዳ ዛፍ ነበር። ደምሴ ሦስትና አራት ቀን እዚያ ከርሞ፣ በቅጠል የተጠቀለለ አምባዛ በጆንያ ተሸክሞ ይመለስና በጓሮ በኩል ለግሪኩ ወጥ ቤት ይሸጣል። የግሪኩ እንግዶች ምን እንደበሉ አይጠይቁም። እኛ ሰፈር ግን እንኳን መብላት፣ ጆንያው የነካው ሰው እጁን ይታጠባል። «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ» ተብሎ ተጽፏል፤ አምባዛ ክንፍ አለው፣ ቅርፊት የለውም፣ አለቀ። ከወንዙ ማዶ ከብት የሚጠብቀው አርሲው ገመዳ ደግሞ መጽሐፉን ሳያነብ ከእኛ በላይ ይጸየፈው ነበር። ለእሱ ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ሁሉም «ቁርጡሚ» ነው፤ ላም ያለው ሰው ዓሣ ምን ያደርግለታል? «ደምሴ፣ ወተት ልስጥህና ያን ነገር ወደ ውሃው መልሰው» ይለዋል። ደምሴ ወተቱን ይጠጣል፣ ዓሣውን አይመልስም።

አምባዛ የሚያዝበት መንገድ የራሱ ነው። መረብ አልነበረንም፤ መንጠቆ ከዐረብ ሱቅ ቢገኝም አምባዛ ወደ ሥር ገብቶ ይበጥሰዋል። ደምሴ የሚይዘው በባዶ እጁ ነው። በበጋ ውሃው ሲጎድል አምባዛ ከአፋፉ ሥር፣ ከዛፍ ሥሮች መካከል ጉድጓድ ይዞ ይተኛል። ደምሴ ካኪ ሸሚዙን አውልቆ፣ አጥፎ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና እስከ አንገቱ ይገባል፤ ክንዱን ወደ ጉድጓዱ ይሰድዳል፤ ይጠብቃል። ዓሣው ይነክሰዋል። መነከሱ ነው የሚፈለገው። አምባዛ እንደ አዞ የሾለ ጥርስ የለውም፤ ከላይም ከታችም አፉ ውስጥ ድርድር ያለ ደቃቅ ጥርስ አለው፣ ሞረድ ነው። አንዴ ከነከሰ አይለቅም። ያን ጊዜ አውራ ጣትን ከመንጋጋው ሥር አስገብቶ ጨብጦ መጎተት ነው። ሲወጣ እጅ ላይ ያለው ቆዳ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አምባዛ የሚይዝ ሰው ከእጁ ይታወቃል፤ ደምሴ ለቅሶ ቤት ሲሄድ እጁን ከኩታው ሥር የሚደብቀው ለዚህ ነበር። ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ራሱ የገጠማትን ያንጎራጉራል፦

ቅርፊት የለው ብሎ ሰው ሁሉ ቢጠላው፣
ክፉ ቀን ሲመጣ አላጣም ’ሚበላው።

ክፉው ቀን መጣ። የትኛው ዓመት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ነው። አንበጣ ወረደና የተረፈውን ዝናብ ነሣው። ጤፍ ዋጋው ሲሰማ ሰው ይስቅ ነበር፤ ከንዴት የሚሳቅ ሳቅ አለ አይደል? ባቡሩ ያልፋል፣ የሚጫን የለም። ግሪኩም «እንግዳ የለኝም» ብሎ ዓሣውን መግዛት ተወ። እናቴ ወባዋ ተነሥቶባት ተኛች፤ ትኩሳቱ ለቀቃት እንጂ መነሣት አልቻለችም። የምትቀምሰው ካልተገኘ እንደማትነሣ እኔም ደምሴም አውቀናል፤ አንዳችን ለአንዳችን ግን አላልነውም። በዚያ ሰሞን ደምሴ ከአዋሽ ሲመለስ ከጆንያው ሌላ በጨርቅ የቋጠራት ነገር ይዞ መጣ። ፈታና አሳየኝ። የቆሮሶ ቅርፊት ነው፣ አንድ እፍኝ። ከወንዙ ዳር ወፎች ከጣሉት የለቀመው ነው።

«ይኸን ደጃፉ ላይ በትኚው» አለኝ።

«ለምን?»

«ትጠይቅሻለች።»

አምባዛውን ከጓሮ ገፍፌ፣ ራሱን ቆርጬ ቀበርኩ። ሥጋውን ቀቀልኩት። እናቴ ሽታው ሲደርሳት ከተኛችበት ራሷን ቀና አደረገች። «ዘነቡ፣ ዓሣ ነው? ቅርፊት አለው?» አለች። «አለው እማዬ፣ ደጃፉን እዪ፣ ገና አልጠረግሁትም» አልኳት። አየች። ፀሐይ ላይ እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። አማተበችና በላች። በሳምንቱ ተቀመጠች፣ በሁለተኛው ሳምንት ቆመች። ያን ቅርፊት ጠርጌ በቅል አኖርኩት፤ ዓሣ በመጣ ቁጥር እበትነዋለሁ፣ ስትበላ እሰበስበዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በዕድሜዬ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያኛው ያልቆጨኝ የለም።

የዚያን ሰሞን ደምሴ እጁ መገለና አበጠ። ያለ እሱ ደግሞ ምግብ የለም። «እኔ እገባለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ። ለእናቴ ቄጠማ ልናመጣ ነው ብለን አብረን ሄድን። ቀሚሴን ወገቤ ላይ አስሬ እስከ ደረቴ ስገባ የአዋሽ ውሃ ትንፋሼን ቆረጠው። ክንዴን ወደ ጉድጓዱ ላክሁ። ምንም የለም፣ ጭቃ ነው፣ ጨለማ ነው። ቀጥሎ የሆነ ነገር እጄን እስከ አንጓዬ ጎረሰኝ። ጮኽኩ። ደምሴ ከላይ ሆኖ «እንዳትስቢው! መጀመሪያ ጨብጪው!» ይላል። ጨበጥኩት። ስወጣ የእኔን ክንድ የሚያህል አምባዛ በአንድ እጄ ተንጠልጥሎ ጢሙን ያራግባል፤ ከጣቴ ደም ይወርዳል፤ ማዶ ገመዳ በትሩን ተደግፎ «ያ ኢንታላ!» እያለ ይስቃል፣ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። ያን ቀን ኦዳው ሥር እሳት አንድደን በእንጨት ጠበስነው። ደምሴ ከሸሚዙ ጫፍ የቋጠራትን ጨው ፈታ። አሞሌ ተሰብሮ የቀረ ፍርፋሪ ነው። በዚያች ጨው ብቻ በላን፣ ጣቶቻችንን ላስን። ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ፣ ስንት ክርስትና በላሁ፤ እንዲያ ጠግቤ አላውቅም።

ዝናቡ ተመለሰ፣ ዓመቱ አለፈ። እኔንም ሰው ጠየቀኝ። የጠየቀኝ መንገሻ ይባላል፤ የኬላ ጸሐፊ ነው፣ ከሞጆ ደህና ቤተሰብ። በጣቢያው በኩል ሲያልፍ በርኖሱን በአንድ ትከሻው ጣል አድርጎ የሚሄደው አረማመድ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ቤታችን የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል ነው፣ እናቴ ታማሚ ናት፣ አባት የለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ደጅ አይመጣም። ይህን እናቴ ታውቃለች፣ ደምሴ ያውቃል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አውቄ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ችግሩ ወሬው ቀድሞን ሞጆ መግባቱ ነው። ውሻ ከጓሯችን የአምባዛ ራስ ቆፍሮ አውጥቶ በሰፈሩ መካከል ሲጎትት የታየ ጊዜ «እነዚያ ያን ነገር ይበላሉ» ተባለ። የመንገሻ አክስት፣ ያሳደጉት እሜቴ አልታየ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ራሳቸው መጥተው ሊያጣሩ ነው የሚል መልእክት ደረሰን።

እጄን አየሁት። ጭረቱ ገና አልጠፋም ነበር፤ ደምሴ እጁ ከዳነ በኋላም ቢሆን መሄዴን አልተውኩም ነበርና። ከጎረቤት እንሶስላ ለመንኩ። ሥሩን ወቅጬ ለወስኩና እጄ ላይ ሞቅሁት፤ እናቴ ራሷ የጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በጨርቅ አሰረችልኝ። ስታስር ጣቴን ያዝ አድርጋ፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

«ቄጠማ ቆርጦኝ ነው።»

ዝም ብላ አሰረች። በማግሥቱ ስፈታው እጄ ቀይ ዳማ ሆኗል፣ ጭረቱም ቀለሙ ውስጥ ሰጥሟል። እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

እሜቴ አልታየ ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጠላቸው ከበረዶ የነጣ ሴት ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው የቀረበላቸውን ጠላ አልነኩም። ደምሴ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የአባወራው ቦታ የእሱ ነበር፣ ግን አልተቀመጠም። እሳቸው በቀጥታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነይ ልጄ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋሁ። ገለበጡት፣ መለሱት፣ ጣት በጣት አዩት። «እንሶስላው አምሮብሻል» አሉ። እጄን ግን አልለቀቁም። «እኔ ለመንገሻ እናትም አባትም ነኝ። ከቤቱ የሚገባው አፍ ንጹሕ መሆኑን ማወቅ አለብኝ። ሰው የሚለውን ሰምተሻል። ከዚያ ነገር ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም፣ እሜቴ።»

«ማዪልኝ።»

በታቦት ለመማል ፈራሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ ሚካኤልን ፈራሁ። ያኔ ደግሞ ከታቦት ቀጥሎ የሚታመነው መሐላ የሚወዱትን ሰው ጠርቶ «ይሙት» ማለት ነው። ዓለም ላይ ከማንም አብልጬ የምወደው ሰው በሩ አጠገብ ቆሟል። ምላሴ ላይ ሌላ ስም አልመጣም።

«ደምሴ ይሙት! በአፌ ዞሮ አያውቅም» አልኩ።

ወደ ደምሴ አላየሁም። እሱ ግን ከበሩ ተነሥቶ ወደ መካከል መጣ፤ ሁልጊዜ የሚደብቃቸውን እጆቹን ከኩታው አውጥቶ በእሜቴ አልታየ ፊት ዘረጋቸው። አሮጌው ጠባሳ፣ አዲሱ ጭረት፣ ሁሉም ይታይ ነበር።

«እሷ እውነቷን ነው» አለ። «የያዝኩትም የበላሁትም እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ የበላችው ቅርፊት ያለውን ነው፤ እህቴም እንደዚያው። እኔ ከወንዙ ዳር ለብቻዬ ነው የምበላው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሜቴ አልታየ እጄን ለቀቁና ጠላውን አነሡ። ነገሩ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ ወንድምየው ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን እስኪጨርስ ከሠርጉ ዳስ እንዳይገባ፣ በዋንጫም ከሰው ጋር እንዳይጠጣ። ደምሴ ከማንም ቀድሞ «ደህና ነው» አለ።

በማግሥቱ ማንም በሌለበት ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ አለቀስኩ። እሱ ሳቀ። «በእኔ ከምትምዪ በግሪኩ ብትምዪ ምን ነበረበት? እሱ እንደሆነ ወፍሯል፣ ቶሎ አይሞትም» አለኝ። እንዲህ ነበር ሰውዬው። ደግሞ ቆይቶ፣ እየሳቀ ሳይሆን፣ «ምን ታደርጊ ዘነቡ፣ እኔም ብሆን እምል ነበር» አለ። ውሸቱን ነው። እሱ ቢሆን አይምልም ነበር።

የዚያን ወር ሙሉ እናቴ ለእሱ ለብቻው ቅል አወጣችለት። የኔ እናት፣ በእሱ ዓሣ ከሞት የተነሣችው! ቅሉን ለብቻው አጥባ፣ ለብቻው ትሰቅለዋለች። ያን ቅል እያየሁ በቀን ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ጊዜ መልሼ ዘጋሁት። ብናገር ሠርጉ ይፈርሳል፤ መፍረሱ ብቻ አይደለም፣ በወንድሜ ምዬ የከዳሁ ተብዬ እታወቃለሁ። ነገ እናገራለሁ፣ ከሠርጉ በኋላ እናገራለሁ፣ መንገሻን ስለምደው እናገራለሁ እያልኩ ቀን ገፋሁ። ሠርጉ ደረሰ። ደምሴ «ከሩቅ እልል እላለሁ» ብሎ ወደ አዋሽ ሄደ። እናቴ ከሠርጉ ምግብ በሞሰብ ከፍላ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ «ለልጄ አድርሱልኝ» ብላ አስቀመጠች። የሚያደርስ አልተገኘም። እኔ ሙሽራ ነበርኩና ከተቀመጥኩበት አልነሣም፤ ሞሰቡ ግን ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለውሻ ሰጡት።

ሞጆ መንገሻ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ክረምቱ ገብቶ፣ አንድ ቀን ገመዳ መጣ። በትሩን ይዞ፣ ቡልኮው እየተንጠባጠበ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ግባ ቢሉት አልገባም። ወጣሁ።

«አካም ጂርታ ገመዳ? ናጋ ነው?» አልኩት።

«ናጋ ሚቲ» አለ። ሰላም አይደለም ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ መሬት እያየ ተናገረ። «እኛ ዘንድ አልዘነበም፣ ሰማዩ ደህና ነበር። ውሃው ከላይ መጣ። እሱ ከአፋፉ ሥር እጁን አስገብቶ ነበር። ማዶ ሆኜ ጮኽኩ፣ ‘ውጣ! ውጣ!’ አልኩት። ሰምቶኛል፣ ቀና ብሎ አይቶኛል። እጁ አልወጣለትም። ሥሩ ይሁን፣ ያ ቁርጡሚ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ውሃው ሲጎድል እዚያው አገኘነው። ሬሳው እስከዚህ አይደርስም ነበር፤ ኦዳው ሥር ቀበርነው። በእኛ ወግ ነው፣ በእናንተ አላወቅንበትም።»

ይህን ብሎ ከቡልኮው ውስጥ ካኪ ሸሚዝ አወጣና ሰጠኝ። ታጥፏል፣ ከድንጋዩ ላይ እንዳለ ያነሣው ነው። ጫፉ ላይ ያቺ ጨው ተቋጥራለች።

ለቅሶ ተቀመጥን። እሜቴ አልታየም መጡ፤ አለቀሱም። ከዚያ ለጎናቸው ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን ይደረግ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ ሰማኋቸው። ተነሥቼ «እኔም ጎርጉሬያለሁ፣ እኔም በልቻለሁ፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ» ልላቸው ነበር። አልተነሣሁም። መሐላ ሰው አይገድልም ይላሉ የተማሩ ልጆቼ፤ ልክ ናቸው ይሆናል። እኔ የማውቀው ከዳስ ያስቀረሁት እኔ መሆኔን ነው። ከዳስ ባይቀር፣ ለብቻው ቅል ባይሰቀልለት፣ በክረምት ማን ወንዝ ይገባል? አምባዛ የሚያዘው በበጋ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የማንኛችሁም እናት ታሪክ ነው። መንገሻ ደህና ሰው ነበር፣ አብረን አረጀን፣ ቀበርኩት። እናቴ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። በመጨረሻዎቹ ቀኖች አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ዘነቡ፣ የዚያን ጊዜው ዓሣ አጥንቱ እንደ ቆሮሶ አልነበረም» አለችኝ። ጋቢዋን ሳብ አድርጌ አለበስኳት። ከዚያ «እግዜር ይስጠው፣ ጣፋጭ ነበር» አለች። ታውቅ ነበር። ቅሉን ስትሰቅልም ታውቅ ነበር። እንሶስላውን ስታስርልኝም፣ ቄጠማ ቆርጦኝ ነው ስላት አውቃ ነው ዝም ያለችው። ሁለታችንም አውቀን እሱን ለብቻው አስቀመጥነው።

በኋላ ግድቡ ተሠራ። ውሃው መጥቶ ሜዳውን ሸፈነው፤ የከብቱን ግጦሽ፣ የወንዙን መታጠፊያ፣ ኦዳውን፣ ከኦዳው ሥር ያለውን። ሰዎች መብራት ገባ ብለው ሲደሰቱ እኔ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ቤተሰቡ አሟት ነው አለ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ነገሌ። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም። ይኸው ጎማ ፈንድቶ አወረደኝ።

ወጣቷ ዓሣ ጠባሽ ወደ እነሱ ስመለከት አይታ ኖሮ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ግራሯ መጣች። ትሑት ልጅ ናት፣ ጎንበስ ብላ ነው ያነጋገረችኝ።

«እማማ፣ ልጥበስልዎት? አምባዛ ነው እንግዲህ፣ ቅርፊት የለውም። ከፈለጉ ቆሮሶም ይመጣል፣ ትንሽ ቢጠብቁ።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ማርታ ቀደመችኝ፣ የተቀባ እጇን እያወዛወዘች። «ኧረ አያቴ አትበላም! በሕይወቷ ቀምሳው አታውቅም። እናታችን ስታሳድገን እንኳ የአያታችሁ አፍ ንጹሕ ነው እያለች ነው።»

ስድሳ ዓመት! መሐላው ከእኔ አልፎ፣ ከልጆቼ አልፎ፣ ለልጅ ልጄ ደርሷል። ወደ ሐይቁ አየሁ። ኦዳው በየት በኩል እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ፤ ውሃ ምልክት የለውም።

«በልቼ አውቃለሁ» አልኳት ለልጅቷ። «ከወንድሜ ጋር፣ እዚሁ። በእጄ ይዤ ነው የበላሁት። በወንድሜ ስም በውሸት ምዬ ነበር።»

ማርታ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ዓሣ ሻጭዋ የአሮጊት ወሬ ሲበዛባት አንገቷን ነቀነቀች፤ ድስቱ እየፈላባት ነበርና ቸኩላለች።

«እሺ እማማ» አለች። «በሎሚ ላድርግልዎት በአዋዜ?»

«በጨው» አልኳት። «በጨው ብቻ።»